ታንኩ ለአየር ነው

«ጋሼ፣ ታንኩ ስንት ሊትር ይሁን?» አለኝ በቅርቡ ከአገር ቤት መጥቶ የተቀላቀለን ልጅ። ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤርያ በሚገኘው ጋራዣችን ባለ 2 ሊትር ሞተር የጃፓን ቱርቦ መኪና ቆሟል። ባለቤቱ በአየር የሚቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር አስወልቆ በውሃ የሚቀዘቅዝ አስገጥሟል። የኤሌክትሪክ ፓምፑም የፊት ራዲያተሩም ገብተዋል፤ የቀረው የማስፋፊያ ታንክ ነው። ለልጁ ግን ቁጥር አልሰጠሁትም። ታንኩ የት ይቀመጣል? በየትኛው ቱቦ ከምን ጋር ይገናኛል? እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ ሊትር የሚቆጥር ሰው ሥራውን ገና አልጀመረም።

ጎረቤቶቻችን ሌላ እምነት አላቸው። ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ 15 ሊትር የሚይዝ ታንክ ይተክላሉ፤ ውሃው በሙሉ በታንኩ ውስጥ እንዲያልፍ ያደርጋሉ፤ የውድድር ማታ በረዶ ይሞሉበታል። ለእነሱ ታንክ ማለት የቅዝቃዜ ማከማቻ ነው። በደፈናው አላጣጥለውም፤ ሒሳቡን እንሥራው። እዚህ በበጋ የተለመደውን የ45 ዲግሪ አየር ቱርቦው ግፊቱን እጥፍ አድርጎ ሲያምቀው፣ የመጭመቂያው ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ አየሩ ወደ 145 ዲግሪ ይደርሳል። 300 ፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ሞተር ነዳጁ ሙሉ ሲረገጥ በሴኮንድ 0.22 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይስባል። ያንን አየር ወደ 65 ዲግሪ ለማውረድ ውሃው 18 ኪሎ ዋት ገደማ ሙቀት መሸከም አለበት። 5 ሊትር ውሃ ብቻ ቢኖርና ራዲያተሩ ምንም ባያግዝ፣ ውሃው በየሴኮንዱ አንድ ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይሞቃል። 15 ሊትር ከተጨመረበት ግን በ10 ሴኮንድ ሩጫ የሚጨምረው ሁለት ዲግሪ አካባቢ ነው። በረዶው ደግሞ 5 ኪሎ ከሆነ ለመቅለጥ ብቻ 1,670 ኪሎ ጁል ይወስዳል፤ የዚያን ሞተር ሙቀት አንድ ደቂቃ ተኩል ይችላል ማለት ነው። 402 ሜትር ቀጥ ብሎ ሮጦ ለሚቆም መኪና ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ይህ ደንበኛ ግን በየቀኑ ከሻርጃ ዱባይ ይመላለሳል። መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ አንዴ የሞቀ 20 ሊትር ውሃ ለመቀዝቀዝ ከ5 ሊትሩ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። በረጅም መንገድ ሙቀቱን ከመኪናው የሚያስወጣው ራዲያተሩ ነው። ትልቅ ታንክ ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስወጣውም። ዕቃ መጫኛውን ይዞ፣ ከፊት እስከ ኋላ ቱቦ አስዘርግቶ፣ የፓምፑን ጉልበት በልቶ የሚሰጠው ይህንኑ ነው።

የማስፋፊያ ታንክ ዋና ሥራው አየር መለየት ነው። በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ውሃው የሚሰፋውማ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ 5 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ የሚጨምረው 80 ሚሊ ሊትር አይሞላም፤ አንድ ሲኒ ቡና ያህል ነው። አየሩ ግን ሁሉን ያበላሻል። ፓምፑ ውሃ ይገፋል፤ አየር መግፋት አይሆንለትም። ክንፎቹ መሃል አየር ሲሰበሰብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይሽከረከራል፣ ምንም አያንቀሳቅስም። ኢንተርኩለሩ አናት ላይ የታቆረ አየር ደግሞ ያንን ክፍል ውሃ እንዳይነካው ያደርጋል። በደቂቃ 20 ሊትር ሲዘዋወር ያ 18 ኪሎ ዋት ውሃውን 13 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ጭማሪው 26 ይሆናል። መኪናው ጉልበት አጣ ተብሎ ወደ ጋራዥ የሚመጣው ያኔ ነው። ኮምፒውተሩ የሞቀ አየር ሲያይ ሞተሩ እንዳይጎዳ ጉልበት ይቀንሳል፤ ሰውየው ግን ቱርቦው አርጅቷል ይባላል።

አንድ መኪና እንዲሁ ፓምፑ እየተቀየረ፣ ደግሞ እየተቀየረ እኛ ጋ ደረሰ። ፓምፑን አልነካሁትም። ከኢንተርኩለሩ አናት ወደ ታንኩ፣ ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ዘረጋሁና ሞተሩን አስነሥቼ ተቀመጥኩ። አረፋው መምጣት ሲጀምር ባለቤቱን ጠርቼ አሳየሁት። ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አገጣጠሙን እንዲህ ነው የማምንበት። ከኢንተርኩለሩ ከፍተኛ ቦታ ቀጭን ቱቦ፣ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ታንኩ ላይኛው ክፍል ይወጣል። ራዲያተሩም አየር የሚይዝበት አናት ካለው ለብቻው ሌላ ቀጭን ቱቦ ይኑረው። ከታንኩ ሥር ወፍራም ቱቦ፣ ከ16 እስከ 19 ሚሊ ሜትር፣ ወርዶ ፓምፑ ውሃ ከሚስብበት አፍ አጠገብ ይገባል። ግፊቱ ዝቅ የሚለው እዚያ ስለሆነ የታንኩ ውሃ በክብደቱ ከፓምፑ ጀርባ ይቆምለታል። ዋናው ውሃ በታንኩ ውስጥ አያልፍም፤ የሚያልፈው ቀጭኑ ብቻ ነው። ታንኩ ውስጥ ውሃው ስለሚረጋ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያው ይቀራል። አንድ ሊትር ታንክ በዋናው መስመር ላይ ቢቀመጥ ግን በደቂቃ 20 ሊትር ሲፈስ ውሃው በ3 ሴኮንድ ተለውጦ ያልቃል። አረፋው ለመውጣት ጊዜ የለውም፤ ተደባልቆ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ክዳኑ ላይ በሚወጣ ቱቦ ትርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ጠርሙስም ይህን ሥራ አይሠራም። እሱ የሚያገኘው ክዳኑ የለቀቀለትን ብቻ ነው፤ ክዳኑ እስካልለቀቀ ድረስ አየሩ ከሥሩ እንደታቆረ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣችው ቶዮታ ሴሊካ ጂቲ ፎር ኤስቲ 205 በውሃ የሚቀዘቅዝ ኢንተርኩለር፣ የራሱ ራዲያተርና የራሱ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነበራት። ለዓለም ራሊ ውድድር ፈቃድ ከተሠሩት 2,500ዎቹ መኪኖች ላይ ያንን ራዲያተር ውሃ የሚረጭ መሣሪያም ተጨምሯል። ስለዚያች መኪና ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው እ.ኤ.አ. በ1995 ካታሎንያ ላይ የቱርቦ አየር መገደቢያውን በስውር የሚያሰፋ ዘዴ ተገኝቶባት ቡድኑ ለአንድ ዓመት መታገዱን ነው። ብልሃቱ ረቂቅ ነበር፤ ማጭበርበር ግን ማጭበርበር ነው። እኔን የሚገርመኝ ኢንተርኩለሩ ሞተሩ አናት ላይ መቀመጡ ነው። በዚህ ዓይነት አቀማመጥ አየር ሁሉ ወደዚያው ይሸሻል፤ ከሱ በላይ ለታንክ የሚሆን ቦታ ደግሞ ኮፈኑ አይሰጥም። ያኔ አፍንጫዋን በክሪክ አንስቶ መሙላት፣ ወይም አየሩን በቫኪዩም ስቦ መሙላት ግድ ነው። ቫኪዩሙ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አለኝም። የሚያወጣው ግን የዛሬውን አየር ነው፤ ውሃው ሲሞቅ የሚለቀውንና ውሎ አድሮ በቱቦ መጋጠሚያ የሚገባውን ታንኩ እንጂ ማንም አያወጣውም።

አየር ማስወጣት የለመድኩት ከቱርቦ በፊት ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ በረዳትነት ስሠራ ነዳጅ ጨርሰው አየር የሳቡ የአይሱዙ የጭነት መኪኖች ይመጡ ነበር። አለቃዬ የአየር ማስወጫ ብሎኗን ፈታ አድርጎ የእጅ ፓምፑን እንድጫን ያደርገኝና ናፍጣው አረፋ መትፋት እስኪያቆም ዓይኔን እንዳልነቅል ያዝዘኝ ነበር። ስቸኩል ያየኝ እንደሆነ ብሎኗን መልሶ ይፈታታል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ያኔ ይከፋኝ ነበር። ዛሬ መኪና ቆሞ አልነሣም ሲል የማልደነግጠው በእሱ ምክንያት ነው። ሰው አገር ገብቼ፣ ቋንቋው ሳይገባኝ፣ ኮምፒውተር ይዘው በሚዞሩ ሰዎች መሃል እንጀራዬን ያገኘሁት የት ቦታ አየር እንደሚደበቅ ማየት ስለምችል ነው። አለቃዬ ቱርቦ ላይ ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ እኔ ግን የማስፋፊያ ታንክ በገጠምኩ ቁጥር የምሠራው የእሱን ሥራ ነው።

ለልጁም ነገርኩት። አንድ ሊትር ይበቃል፣ ሲቀዘቅዝ ግማሽ የተሞላ፣ ከሞተሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ፣ ከኢንተርኩለሩ ከፍ ብሎ። ክዳኑ 0.5 ባር፤ ይህ ውሃ ስለማይፈላ የሞተሩን ያህል ግፊት አያስፈልገውም። እዚህ አገር ውሃ በረዶ ስለማይሆን ግላይኮሉን ግማሽ በግማሽ አናደርገውም፤ የተጣራ ውሃ ከዝገት መከላከያ ጋር ሙቀት የተሻለ ይሸከማል። መከላከያው ግን አይቀርም፤ አልሙኒየሙ ያለሱ ይበላል።

ከዚያ በኋላ መኪናው አንዴ ሞቆ፣ አድሮ ቀዝቅዞ፣ የጎደለው ተሞልቶ፣ ደግሞ ሞቆ ካልታየ ቁልፉን አልሰጥም። ባለቤቱ ትናንት ማታ መጥቶ ተቆጣ፤ ለዓርብ ጉዞ ቀጠሮ አለው። ጠዋት ክዳኑን ስንከፍት ውሃው ወርዶ አገኘነው። ልጁ ሞላው፤ መኪናው ዛሬም ያድራል።