የምስክር ወረቀቱና ፈተናው፤ ከድረ ገጽ ሥራ ወደ ነገር-ተኮር ፕሮግራም ስለ መሸጋገር

ድረ ገጽ በመሥራት ሙያ የተሰማሩ አያሌ ወጣቶች ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ ወደ ሌላ የፕሮግራም ሥራ ለመሸጋገር ይመኛሉ። ይኸውም በጃቫ፣ በሲ ሻርፕ ወይም በኮትሊን የባንክ፣ የመድንና የሞባይል ፕሮግራሞች የሚጻፉበት ዘርፍ ነው። አሠራሩ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ነገር-ተኮር እንለዋለን። ለሽግግሩ ዘወትር የሚመከረው መንገድ የምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ በእርግጥ ይህን ያህል ይረዳልን? ለመፍረድ ከወረቀቱ አስቀድሞ ፈተናውን መመርመር ይገባል።

የጃቫን ፈተና እንመልከት። ጃቫን እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ያቀረበው ሰን ማይክሮሲስተምስ ሲሆን፣ ኩባንያው በ2010 በኦራክል ከተገዛ ወዲህ ፈተናውን የሚሰጠው ኦራክል ነው። ለጃቫ 17 የተዘጋጀው ፈተና 50 ጥያቄዎች አሉት፤ የተፈቀደው ጊዜ 90 ደቂቃ፣ የማለፊያው ነጥብ 68 በመቶ ነው። ጥያቄዎቹ የምርጫ ናቸው። ለተፈታኙ አጭር የፕሮግራም ቁራጭ ቀርቦለት፣ ሲሠራ ምን ያትማል፣ ወይስ ጨርሶ አይሠራም ተብሎ ይጠየቃል።

እንዲህ ያለው ፈተና ከንቱ አይደለም። ድረ ገጽ ሠሪው የለመደው ጃቫስክሪፕት በአንድ ስም ሥር አሁን ቁጥር፣ ቀጥሎ ቃል ቢያስቀምጡበት የማይቃወም ቋንቋ ነው። ጃቫ ግን የእያንዳንዱን ስም ዓይነት አስቀድሞ ያስወስናል። (የሁለቱ ቋንቋዎች ስም መመሳሰል ጀማሪዎችን ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያስተምሩ ሁሉ ያውቁታል።) ለፈተናው የሚዘጋጅ ሰው ይህን ሥርዓት ከመልመዱም በላይ፣ በራሱ ፈቃድ የማይከፍታቸውን ምዕራፎች፣ ማለትም የስሕተት አያያዝን፣ የመረጃ ስብስቦችንና ጎን ለጎን የሚካሄዱ ተግባራትን ለማጥናት ይገደዳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ኦሌ-ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ በ1960ዎቹ ኦስሎ ውስጥ ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ ከፈጠሩበት ጊዜ አንሥቶ፣ የነገር-ተኮር አሠራር ፍሬ ነገር የሰዋስው ጉዳይ ሳይሆን የኃላፊነት ክፍፍል ነው። የትምህርት ቤት መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ይታሰብ። ተማሪው አንድ ነገር፣ ክፍሉ ሌላ፣ ውጤቱ ሦስተኛ ይሆናል። አማካይ ውጤቱን የሚያሰላው ማነው? ተማሪው ራሱ ነው? ክፍሉ ነው? ወይስ ለዚሁ ብቻ የቆመ ሌላ አካል? የማለፊያው ደንብ በሚቀጥለው ዓመት ቢለወጥ ፕሮግራሙ በስንት ቦታ መታረም ይኖርበታል? ቀጣሪ የሚሻው ይህን የሚያመዛዝን ሰው ነው፤ ጥያቄው ደግሞ «ሀ» ወይም «ለ» ተብሎ የሚመለስ አይደለም። የፕሮግራም ቁራጭ ይሠራ አይሠራ እንደሆነማ ኮምፓይለሩ ወዲያው ይናገራል፤ ደመወዝም አይጠይቅም።

ሰን ራሱ ይህን ጉድለት የተረዳው ይመስላል። የመጀመሪያውን ፈተና ላለፈ ሰው ከፍ ያለ ሌላ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ ተፈታኙ በተሰጠው መግለጫ መሠረት ሙሉ ፕሮግራም ሠርቶ ያቀርባል፣ ከዚያም ስለ ንድፉ ምርጫዎች በጽሑፍ ያስረዳል። ይህ ፈተና ኋላ ተቋርጧል። በእኛ አስተያየት የተተወው ከሁለቱ የተሻለው ነው።

ኢኮኖሚስቱ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት እንዳስረዳው፣ የትምህርት ማስረጃ ለቀጣሪ ምልክት የሚሆነው ማስረጃውን ማግኘት ችሎታ ላነሰው ሰው ይበልጥ የሚከብድ ሲሆን ነው። የምርጫ ጥያቄ ግን በቃል ሊጠና ይችላል፤ በቃል በተጠና ቁጥርም ምልክቱ ይደክማል። ስለዚህ ወረቀቱ የሚጠቅመው በይበልጥ ሌላ ምንም የሚያሳየው ለሌለው ሰው ነው፤ ማመልከቻው ከመጀመሪያው ማጣሪያ እንዲያልፍ ሊረዳው ይችላል። በቃለ መጠይቁ ላይ ንድፍ አውጣ ሲባል ግን ወረቀቱ አይመልስለትም። ሥራ ላይ ያለው ድረ ገጽ ሠሪ ለፈተናው የሚያውለውን ወራት አንድ የተሟላ ፕሮግራም ሠርቶ ለማሳየት ቢያውለው የተሻለ ያተርፋል ብለን እናምናለን።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራም መሠረታዊ ትምህርትንና የአንድሮይድ ትምህርትን ጎን ለጎን አቅርቦ፣ ለሚያጠናቅቁት የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የምስክር ወረቀት ለመቁጠር ይመቻል፤ ፕላን አውጪን የሚያዘናጋውም ይህ ምቾት ነው። ስንት ወረቀት ተሰጠ የሚለው አኃዝ ስንቶች ወደ አዲሱ ሥራ ተሻገሩ ለሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ ሊቀርብ አይገባውም።

የቴክኒክና ሙያ የብቃት ምዘናችን ከጽሑፉ ፈተና ጋር የተግባር ምዘና ያለው በመሆኑ የተሻለ መነሻ አለው። በተግባሩ ምዘና ላይ፣ ተመዛኙ ፕሮግራሙን ከፈጸመ በኋላ መዛኙ ከመግለጫው አንዱን ደንብ ለውጦ እንዲያሻሽል ቢያዘው፣ የለወጠውን ቦታና ምክንያቱንም እንዲያስረዳ ቢጠይቀው፣ የንድፍ ችሎታው ይገለጣል። ይህ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። መዛኙም ራሱ በዚህ አሠራር የሠራ ሰው መሆን አለበት፤ እንዲህ ያሉትን ከሥራ ገበያው ስቦ በምዘና ማዕከላት ማቆየት አዲስ የፈተና ወረቀት ከማዘጋጀት ይልቅ ብዙ ወጪ ያስከትላል፤ በጀቱም በቅድሚያ መታሰብ ያለበት ለዚሁ ነው።