ስለ መቻል የእግር ኳስ ቡድን
እኛ የጎንደር አራዳ ሰዎች፣ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ላመጣልን ለፋሲል ከነማ ፍቅራችንን ፈጽመን የሰጠን ብንሆንም፣ የሠራዊቱን ቡድን መቻልን ሳናመሰግን ብናልፍ ፍትሕ አጓደልን። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ እግር ኳስ በአገራችን ገና ሥር በሚሰድበት ጊዜ፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደው፣ የወታደርን ሥነ ሥርዓትና ትዕግሥት ከጨዋታ ጥበብ ጋር ያዋሐደው ይህ ቡድን ነው። ለብዙ ዓመታት መከላከያ ሲባል ኖሮ ወደ ጥንተ ስሙ ከተመለሰ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ መፈጸሙ፣ የቀደሙት አበው ያቆዩት ክብር ዛሬም ሕያው መሆኑን ይመሰክራል። እንዲህ ያለውን ተጋጣሚ ማክበር ለራስ ቡድን ያለን ፍቅር አያጎድልም፤ ይልቁንም ያጸናዋል።