ከቀመር የተወለደ ድምፅ

በፈረንሳይ አገር፣ በቱሉዝ ከተማ፣ አስቀድሞ ፒያኖ ጠጋኝና ቃኚ የነበሩት፣ ኋላም በሒሳብ ሊቅነት የታወቁት ፊሊፕ ጊዮም ከባልደረቦቻቸው ጋር ደክመው በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያበረከቱት ፒያኖቴክ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ምስጋና ይገባዋል። ብዙዎቹ ዲጂታል ፒያኖዎች አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ሲያሰሙ፣ ይህ ግን መዶሻው አውታሩን በምን ያህል ፍጥነት እንደ መታ፣ የመዶሻውም ልባስ ምን ያህል እንደ ጠነከረ፣ የድምፅ ገበታው ንዝረቱን እንዴት እንደ ተቀበለ እያሰላ ድምፁን በዚያችው ቅጽበት ያስገኛል። የብረት አውታር ግትር ስለ ሆነ ከዋናው ድምፅ በላይ የሚሰሙት ረቂቃን ድምፆች ከሚጠበቀው ጥቂት ከፍ ይላሉ፤ ያችን ኢምንት መዛነፍ እንኳ ቀመሩ አለመዘንጋቱ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። አንዱን ቁልፍ ድምፅ ሳያሰሙ ቀስ ብለው ተጭነው ይዘው፣ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለውን አጥብቀው መትተው ቢለቁት፣ ያልተመታው አውታር በእውነተኛው ፒያኖ እንደሚሆነው ሁሉ ብቻውን ሲያዜም ይሰማል። ይህ ጥበብ ባይኖር፣ በጀርመን አገር በሃሌ ከተማ በሄንደል ቤት እንዳሉት ያሉ ጥንታውያን መሣሪያዎች፣ በእርጅና ምክንያት እጅ እንዲያርፍባቸው የማይፈቀድ ጭምር፣ ብዙዎች ሊጫወቷቸው ባልቻሉ ነበር፤ አሁን ግን በፕሮግራሙ ውስጥ በቀመር ስለ ተቀረጹ ማንኛውም ተማሪ በቤቱ ተቀምጦ ሊጫወታቸው ይችላል።