የወልዎርዝ ሕንፃ ዕድሳትና የሸክላ ቀለም ጕዳይ

በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘው የወልዎርዝ ሕንፃ በካስ ጊልበርት ንድፍ ተሠርቶ እ. ኤ. አ. በ1913 ተፈጸመ። ውጭው የለበሰው ቴራ ኮታ የሚባለውን፥ በቅርጽ ተዘጋጅቶ በእቶን የተተኰሰ ሸክላ ነው። በሸክላው ላይ ቀልጦ የተዋሐደው የመስታወት ቅብ የስልባቦት መልክ ያለው ነጭ ሲሆን፥ በጌጦቹ መካከል ሰማያዊና አረንጓዴም ይታያል። ከ1977 እስከ 1981 በተደረገው ዕድሳት 26,000 ያህል ሸክላዎች ወጥተው በምትካቸው ቀለም የተቀባ ኮንክሪት ገባ። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት ስለሚጠቀስ ሊመረመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ ለአዳሾቹ የሚገባቸውን ምስጋና አንነፍግም። በእንዲህ ያለ ሕንፃ ውሃ በስንጥቅ ገብቶ ሸክላውን የያዘውን ብረት ሲያዝገው፥ ዝገቱ እያበጠ ሸክላውን ይሰብረዋል፤ ስባሪውም ለመንገደኛ ያሠጋል። በዚያን ጊዜ ደግሞ የሕንፃ ሸክላ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በአሜሪካ ጥቂት ብቻ ቀርተው ነበር። ስለዚህ ኮንክሪት መመረጡ ከችግር እንጂ ከንቀት የመጣ አይመስለንም።

ነገር ግን «ቀለሙ ተመሳሰለን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ከምን ጋራ? እስከ መቼስ?» ማለት ያስፈልጋል። የመስታወት ቅብ በእሳት ከሸክላው ጋራ አንድ አካል ስለሆነ፥ ብርሃን ወደ ውስጡ ዘልቆ ይመለሳል። ሳይተኰስ የተቀባ ቀለም ግን ከላይ የተደረበ ልብስ ነው። ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን አንድ ቢመስሉ እንኳ፥ በፀሐይና በዝናብ የሚያረጁት በየራሳቸው መንገድ ስለሆነ ውለው አድረው ይለያያሉ።

ሁለተኛው ስሕተት አንድ ሕንፃ አንድ ቀለም አለው ብሎ ማሰብ ነው። በቺካጎ ከተማ በ1924 የተፈጸመው የሪግሊ ሕንፃ ስድስት ዐይነት ነጭ አለው፤ ከታች ደብዘዝ ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ እየነጣ ይሄዳል። አንዱን ስባሪ ናሙና አድርጎ ለሁሉ የሚያስተኵስ አዳሽ ይህን ሐሳብ ያጠፋዋል። አንድ ዐይነት ቅብ እንኳ በውፍረቱና በእቶኑ ውስጥ በተቀመጠበት ስፍራ መልኩ ይለወጣል። ጥላሸቱ ሳይታጠብ የተወሰደ ናሙናም የሚያሳየው የከተማውን ጢስ እንጂ የሠሪውን ቀለም አይደለም።

ስለዚህ አዳሽ አስቀድሞ ሸክላውን ያጥባል፤ ከልዩ ልዩ ስፍራ ናሙና ይሰበስባል። ያልተተኰሰ ቅብ እውነተኛ መልኩን ስለማያሳይ፥ ብዙ ሙከራ ይተኵሳል፤ የተተኰሰውንም በሕንፃው ላይ በተፈጥሮ ብርሃን ያስተያየዋል። የወልዎርዝ ዕድሳት ሕንፃውን ከመፍረስ ጠብቆታል፤ የሸክላ ሠሪዎቹን የእሳት ጥበብ ግን ለተከታዩ ትውልድ አላስተላለፈም። በአርአያነት ሲጠቀስ ይህ ጕድለቱ አብሮ መነገር አለበት።