የማርኮ ፖሎ ፈለግና የሐበሻ ምዕራፍ

የቬኒሱ ማርኮ ፖሎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1271 ዓ.ም. ከአባቱና ከአጎቱ ጋር ወደ ሞንጎል ንጉሥ ወደ ኩብላይ ካን ሲጓዝ፥ ንጉሡ አስቀድሞ ለምኖ ነበርና፥ በጌታችን መቃብር ላይ ከሚበራው መብራት ጥቂት ዘይት ተይዞ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ዊሊያም ዳልሪምፕል የተባለ እስኮትላንዳዊ ተማሪ ከዚያው ስፍራ ዘይት ተቀብሎ የፖሎን ፈለግ ተከተለ፤ ሶርያን፥ ቱርክን፥ ፋርስንና ፓኪስታንን አልፎ፥ ካን በሙቀት ወራት ይቀመጥባት ወደ ነበረችው ወደ ሻንግዱ ፍርስራሽ ደረሰ። በ1989 ዓ.ም. የታተመው «ኢን ዛናዱ» የዚህ ጉዞ ታሪክ ነው።

መጽሐፉ ደስ ያሰኛል። ጸሐፊው ወጣት ነበርና በመንገድ ባገኛቸው ሰዎች ላይ መቀለድ ያበዛል፤ ነገር ግን የፖሎን ቃል ከየቦታው ደርሶ መመርመሩ ያስመሰግነዋል። በአፍጋኒስታን ጦርነት ስለ ነበረ ፖሎ ያለፈበትን ትቶ በፓኪስታን ተራራ መዞሩም አይነቀፍበትም።

ዳሩ ግን ማንም ተከታይ የማይደርስበት ምዕራፍ አለ፤ ይኸውም ስለ ሐበሻ የተጻፈው ነው። ፖሎ ኢትዮጵያን አላየም፤ የጻፈው የሰማውን ነው። በ1288 ዓ.ም. የሐበሻ ንጉሥ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ቢወድ አማካሪዎቹ ከለከሉት፤ በምትኩም የላከውን ኤጲስ ቆጶስ በመመለሻው የዓደን ሱልጣን ይዞ በግድ ገረዘው፤ ንጉሡም ዘምቶ ተበቀለ ይላል። ዘመኑ የዐፄ ይግባ ጽዮን ነው። ይህ ንጉሥ ወደ ግብፅ ሱልጣንና በኢየሩሳሌም ወደ ነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ደብዳቤ ስለ ላከ፥ የኢየሩሳሌሙ ነገር መሠረት የለውም አይባልም። ዓደን የተባለውም አዳል ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ግርዛቱ ግን? ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን በሚገረዝበት አገር ኤጲስ ቆጶስ ሳይገረዝ እንዴት ኖረ? ከግብፅ የመጣ ነው ቢባልም የግብፅ ክርስቲያኖች ይገረዛሉ።

ደግሞ ሐበሾች ግንባራቸውንና ሁለቱን ጉንጫቸውን በጋለ ብረት ይተኮሳሉ፥ ይህም ከጥምቀታቸው ሥርዓት ነው ይላል። በግንባር ላይ የመስቀል ንቅሳት ያየ ሰው አውርቶለት ይሆናል። ጥምቀቱ ግን ለወንድ በ40፥ ለሴት በ80 ቀን፥ ያውም በውሃ መሆኑን በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ደጅ ልጇን ታቅፋ የምትቆም እናት ሁሉ ታውቃለች።

ስለዚህ ይህን ምዕራፍ መመርመር የሚወድ መንገደኛ እስከ ሻንግዱ መድከም አያሻውም፤ ዘይቱ ከተቀዳበት ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፥ በዴር ሱልጣን፥ የኢትዮጵያ መነኮሳት አሉና ጥቂት ደረጃ ወጥቶ ቢጠይቃቸው ይነግሩታል።