የፈረቃ ርክክብ

እንግዳ «ሠራተኛችሁ አመናጨቀኝ» ሲለኝ አስቀድሜ የምጠይቀው የተናገረውን ሰው ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ብዙ ጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ የሌሊቱ ፈረቃ ወጥቶ የቀኑ የሚገባበት ሰዓት።

የምሠራው ለቡ መብራት ኃይል፣ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው። የጅቡቲ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከድሬዳዋ መጥቶ ፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚወርድ መንገደኛ አንዳንዴ እኛ ሰፈር ያድራል። በተለይ ባቡሩ ዘግይቶ ከመሸበት ሙቅ ውሃና አልጋ እንጂ ሌላ አያምረውም።

አንዲት እናት ሌሊት ደውለው ቦይለሩ እንደማይሠራ ተናገሩ። ተረኛው ይቅርታ ጠይቆ፣ ከኩሽና በባልዲ ሙቅ ውሃ አስወጣላቸው። «ጠዋት ይሠራልዎታል፣ እናቴ» አላቸው። መዝገቡ ላይ ግን አልጻፈውም። ጠዋት ሲወርዱ የቀን ተረኛዋ «የቱ ቦይለር? እኔ የነገረኝ የለም» አለቻቸው። አልጮኹም። «ታዲያ ማታ ያናገርኩት ማንን ነው?» ብለው ሒሳባቸውን ዘጉ። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ለእርሳቸው ግን ሆቴሉ ቃሉን ካደ።

በየቤታችን እንግዳ ማታ የሚቀበለውና ጠዋት ቁርስ የሚያቀርብለት ያው ሰው ነው። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ካስከፈቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖ እንኳ፣ የሆቴል ባለቤቶቻችን የሚቀጥሩት ይህንኑ የቤት ጠባይ ነው፤ ተቀጣሪዋን «ፈገግ በይ» ይሏታል፣ ርክክብ ግን አያስተምሯትም። ቅሬታ ሲመጣ ደግሞ ከደመወዟ ይቆርጣሉ። ይህ ያናድደኛል።

ለአዲስ ልጆች የማሳየው ይህን ነው፤ ወጪውና ገቢው ተረኛ መዝገቡ ፊት አብረው ይቆማሉ። በየክፍሉ እንግዳው የጠየቀው፣ እኛ ቃል የገባነው፣ የሚፈጽመው ሰው ስም ይጻፋል። «ለቴክኒክ ተነግሯል» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ለማን? ከዚያ ገቢው ተረኛ እንግዳው ሳይወርድ ክፍሉ ድረስ ደውሎ ሥራው የት እንደደረሰ ይነግረዋል። ቦይለሩ ገና ካልተሠራም ይደወላል።

ለዚህ ሁለቱ ፈረቃዎች ግማሽ ሰዓት መደራረብ አለባቸው። ባለቤቶች ትርፍ ክፍያ ነው ይላሉ። እንግዳው ግን በሒሳቡ ላይ አሥር በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ከፍሏል፤ ግማሽ ሰዓቷ ከዚያ ትሸፈን ብዬ እሟገታለሁ።