«ጣና ሥር ምን አለ?» ስለ «ዴርቶጋዳ» አንባቢዎች



በዚህ ዓመት ከቅዳሜው ጥናት በኋላ የመጽሐፍ ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚደጋገም አንድ ስም አለ፤ ይስማዕከ ወርቁ። «ዴርቶጋዳ» የታተመው በ2001 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከምታነቡት መካከል አብዛኞቻችሁ ያኔ ፊደል እንኳ አልቆጠራችሁም፤ ያልተወለዳችሁም አላችሁ። መጽሐፉ ግን እስካሁን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር የተያያዘ አንድ ቅጂ ከኮንዶሚኒየሙ ብሎክ ብሎክ ሲሻገር አይቻለሁ። ተከታዮቹን «ራማቶሓራ»ን እና «ዣንቶዣራ»ን የጨረሳችሁም አላችሁ። ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ስለ አንባቢዎቹም ለመጻፍ የተነሣሁት፣ የምትሰጡት አስተያየት ከመጽሐፉ ይልቅ ስለ እኛ ብዙ የሚናገር ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ውስጥ ያለ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አለ። ታላላቅ የስለላ ድርጅቶች አሉ። የጣና ሐይቅ ደሴቶች፣ ገዳማቱና ለዘመናት የተሰወረ ጥበብ አሉ። ደራሲው እነዚህን ሁሉ በአንድ ገመድ አስሮ ይጎትታል። ምዕራፉን አንባቢ ትንፋሹን በዋጠበት ቦታ መቁረጥ ያውቅበታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ያስነብባል። ብዙዎች ከአሜሪካዊው ዳን ብራውን ጋር ያነጻጽሩታል፤ ንጽጽሩ የሚያስኬድ ይመስለኛል፣ ድክመታቸውም ይመሳሰላልና። ገጸ ባሕርያቱ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የደራሲውን ድምፅ ነው። አንዱ ሰው ከሌላው በአነጋገሩ አይለይም። ይህን የምለው መጽሐፉን ለማጣጣል አይደለም። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ የጠፈር ሳይንስንና የብራና ምሥጢርን አጋብቶ ይህን ያህል አንባቢ የሰበሰበ ሌላ ሥራ ጥሩልኝ ብትሉኝ ይቸግረኛል።

አሁን ወደ አስተያየቶቻችሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ነገር እውነት ነው ይባላል» ትላላችሁ። ምክንያት አላችሁ። ኢንጂነር ሻጊዝ እጅጉ የሚለውን ስም ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሐሳቡ ወዲያው ወደ ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ይሄዳል፤ ከከፋ ቦንጋ ተነሥቶ በአሜሪካ የጠፈር ሳይንስ መስክ ስሙ ወደ ተጠራውና በ1998 ዓ.ም. ወደ ሞተው እውነተኛ ሰው። የአባት ስም ከተጋራ ሌላውም እውነት ይሆናል የሚል ግምት ቀስ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ «ጣና ሥር ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

በዚህ አንባቢ የምትስቁ አትጠፉም። እኔ አልስቅበትም፤ ንጉሥ ዳዊትም እንዲሁ አድርጓልና። ነቢዩ ናታን ስለ ባለጠጋው፣ ስለ ድኻውና ስለ አንዲቱ በግ ሲተርክለት ዳዊት የሰማው ፍርድ ቤት የቀረበ ጉዳይ መስሎት ነው። ተቆጣ፤ ፈረደም። ታሪኩ ልብ ወለድ መሆኑን ያወቀው ፍርዱ በራሱ ላይ ሲዞር ነው። ናታን «ይህ ምሳሌ ነው፣ እንዳትሳሳት» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ዳዊት በዙፋኑ ላይ ተደላድሎ ባዳመጠ ነበር። ስለዚህ ልብ ወለድን እውነት ነው ብሎ ማመን ብቻውን ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ አምኖ ሲያበቃ ወደ ራሱ የማይዞር አንባቢ ነው።

ሌላው አስተያየት ከበድ ይላል። «ይህ መጽሐፍ መንፈስ አለው፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ የለበትም።» ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ያላነበቡ ናቸው፤ አንብበው የፈሩም አሉ። ማስረጃ ሆኖ የሚጠቀሰው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ነው፤ በኤፌሶን የተቃጠሉት፣ ዋጋቸው 50,000 ብር የተገመተው መጻሕፍት። እስኪ ክፍሉን በእርጋታ አንብቡት። ያቃጠሉት የራሳቸውን መጻሕፍት ነው፤ የጎረቤት ቤት ገብተው የለቀሙ አይደሉም። ያቃጠሉት የአስማት መሥሪያዎችን ነው፤ ስለ አስማተኛ የሚተርክ ታሪክን አይደለም። ስለ አስማተኛ መተረክ የሚያስቃጥል ቢሆን፣ ሳኦል በሌሊት ተሸሽጎ ወደ ዓይንዶር ሴት የሄደበትን ምዕራፍ ከ1ኛ ሳሙኤል ልንቀድድ ነው። እሱን ምዕራፍ ያነበበ ደግሞ መናፍስት ጠሪ ልሁን ብሎ አይነሣም፤ አንድ ንጉሥ እስከምን ድረስ ሊወርድ እንደሚችል አይቶ ይደነግጣል።

ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሃሪ ፖተር መጻሕፍትን ሰብስቦ በአደባባይ አቃጥሏል። ወደኋላ ስንሄድ የምናገኘው ታሪክ ደግሞ ያስቃል። ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1941 እ.ኤ.አ. አንድ አረጋዊ ሰይጣን ለወንድሙ ልጅ የሚጽፋቸውን 31 የምክር ደብዳቤዎች በአንድ የቤተ ክርስቲያን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ሰውን እንዴት ማሳት እንደሚቻል የሚያስተምሩ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ መነበብ አለበት። ሉዊስ ኋላ እንደተረከው አንድ የገጠር አገልጋይ ምክሩ የተሳሳተ፣ እንዲያውም ሰይጣናዊ ሆኖብኛል ብሎ የጋዜጣውን ደንበኝነት አቋረጠ። ሰውዬው የተነበበውን በትክክል ተረድቷል፤ ምክሩ በእርግጥ ሰይጣናዊ ነበር። የሳተው ማን እየተናገረ እንደሆነ ነው። «መንፈስ አለው» ስትሉ እኔም የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። በየትኛው ገጽ? የሚናገረው ማን ነው? ደራሲው ያንን ሰው እንድንወደው ነው ወይስ እንድንፈራው የሚፈልገው?

«የገዳም መጽሐፍ ነው፤ የእኛ አይደለም» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ስለ ሆሊዉድ ቫምፓየሮች ያለ ችግር እያወራን የጣና ገዳም ስም ሲነሣ የምንሸሽ ከሆነ፣ ችግሩ የእምነት ጥንቃቄ አይመስለኝም። የአገራችንን የብራና ቅርስ ከጎረቤት ቤት እንደ መጣ ዕቃ ማየት ለምደናል፤ ያሳዝናል።

የምንፈራውን እንዲህ አጥብቀን ስንመረምር የማንፈራውን ግን ሳንመረምር እንውጣለን። እንግሊዝኛ የምታነቡ ምናልባት የፍራንክ ፔሬቲን ልብ ወለድ ታውቁት ይሆናል፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ አሽተን በምትባል ትንሽ ከተማ ላይ መላእክትና አጋንንት ሰይፍ ተማዝዘው የሚዋጉበትን። ቅዱሳን ሲጸልዩ መላእክቱ ይበረታሉ፤ ሲተዉ ይደክማሉ። ጥሩ ገበያ አገኘ፤ አንባቢዎቹም ወንጌላውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ግን የጸሎት መመሪያ አድርገው አነበቡት። ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 10 ይልቅ ከልብ ወለዱ የተማሩት እስኪመስል ድረስ የየከተማውን መንፈስ በስም እየጠሩ መገሠጽ ልማድ ሆነ። ማንም «ይህ መጽሐፍ መንፈስ አለው» አላለም፤ ምክንያቱም የእኛን ቋንቋ ይናገራል። በእኔ አስተያየት አንባቢን በማሳት ረገድ ከ«ዴርቶጋዳ» ይልቅ ይኸኛው ይበረታል። የ«ዴርቶጋዳ» አንባቢ ቢበዛ ጣና ሥር መርከብ ይፈልጋል።

እንግዲህ ስለ «ዴርቶጋዳ» መጠየቅ የነበረብን፣ ግን ማናችሁም ያላነሣችሁት ጥያቄ የትኛው ነው? ለእኔ ይህ ነው፤ መጽሐፉ ምን እንድንመኝ ያደርገናል?

ያስመኘናል፣ ያውም አጥብቆ። ትልቅነታችን የተሰወረ እንጂ የጠፋ አይደለም ይለናል። ጥበቡ አለ፤ ሊቁ አለ፤ አንድ ቀን ሐይቁ ይከፈትና ዓለም ይደነግጣል። በ2001 ዓ.ም. የተማረ ወንድሙን በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እየሸኘ ለሚመለስ አንባቢ ይህ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ልብ የሚነካውም እዚሁ ላይ ነው፤ የሄደው ይመለሳል፣ እውቀቱን ይዞ። ይህን ናፍቆት የማይሰማው ሰው መጽሐፉን ያነበበ አይመስለኝም።

ነገር ግን ልብ ወለዱ የሚያሳየን ያለቀ ጥበብን ነው። እንዴት ተሠራ? ስንት ጊዜ ከሸፈ? ማን ስንት ዓመት ተቀምጦ ቆጠረ፣ ለካ፣ አፈረሰ? ከእነዚህ የምናየው ጥቂት ነው። ማግኘት እንጂ መሥራት አይተረክም። አንባቢም መጽሐፉን ሲዘጋ በእጁ የሚቀረው መጠበቅ ነው። እስከዚያው በእውነተኛው ጣና ምን ሆነ? «ዴርቶጋዳ» ከታተመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ይወርስ ጀመር። አርሶ አደሩ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ እኛ ደግሞ ከሐይቁ ሥር ስላለው ነገር እንከራከር ነበር።

ይህ ምኞት ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ አይደለም፤ ሌላ ስም ሰጥተን እናውቀዋለን። «በዚህ ዓመት በር ይከፈትልሃል።» «በባሕር ማዶ አየሁሽ።» ከኅብረታችን አባላት አንዱ፣ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፣ በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ወደ ውጭ አገር እንደሚሄድ ተነገረው። የማታ ትምህርቱን ከሁለተኛ ዓመት አቋርጦ ጠበቀ። ሁለት ዓመት። ይስማዕከን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው በዚያ የመጠበቅ ጊዜ ነው። «ከመጽሐፉ ምኑን ወደድህ?» ስለው ትንሽ አሰበና «ሁሉ ነገር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መቆየቱን» አለኝ። ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ መጽሐፉን ከእኔ በላይ አንብቦታል። ዘንድሮ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል፤ ሦስተኛ ዓመት ከሚሆኑት የዕድሜ እኩዮቹ ኋላ፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ።

እግዚአብሔር ያዘጋጃል ብለን እናምናለን፤ እኔም አምናለሁ። ዮሴፍ ግን ሕልሙን ከተረጎመ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ እህል ሲያከማች ነበር። ይህን የሚተርክልን ክፍል አጭር ስለሆነ እንዘልለዋለን እንጂ፣ ግብፅን ያዳነው ትርጓሜው ብቻ አይደለም፤ ጎተራውም ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 41ን ስታነቡ እዚያ ቦታ ላይ ቆም በሉ።

እኛ ጋም ሐይቅ አለ። አባ ሳሙኤል ከቱሉ ዲምቱ ብዙ አይርቅም። ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው እዚያ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ኖረ፤ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። ሥሩ ምን አለ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ይታወቃል፤ የአቃቂ ወንዝ ያመጣው ደለልና ከተማው የላከው ቆሻሻ። እምቦጭም ጣና ከመድረሱ አሥርት ዓመታት አስቀድሞ እዚህ ታይቷል።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከል አንዲት እኅታችን ልብ ወለድ እየጻፈች ነው። አባ ሳሙኤል ውስጥ የሚኖር አንድ ፍጥረት አለ፤ ሌሊት ሌሊት እስከ ፈጣን መንገዱ መግቢያ ድረስ ይወጣል። «መንፈስ ትጠሪያለሽ» ተብላ ደብተሩን ለወራት አልጋ ሥር ደብቃው ነበር፤ ለማቃጠልም አስባ ታውቃለች። አሁን 60 ገጽ ደርሳለች፤ አንብቤዋለሁ። አማርኛዋ ገና ይቸኩላል። ፍጥረቱ ሲገለጥ የምትጠቀምባቸው ቅጽሎች በዝተዋል፤ እሱንም ነግሬአታለሁ። ነገር ግን አንድ ቦታ አለ፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፍጥረቱን ከማየቷ በፊት በተዋሰችው ጀልባ ላይ ሆና፣ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ እየጣለች የደለሉን ጥልቀት ትለካለች። እየለካች ትጽፋለች፤ እጇ ይላላጣል፤ ይመሽባታል፤ በማግሥቱ ትመለሳለች። ሦስት ገጽ ሙሉ።

ያነበቡት ጓደኞቿ «እዚህ ጋ ይንቀራፈፋል፣ ቁረጪውና ቶሎ ወደ ፍጥረቱ ግቢ» ብለዋታል። እንዳትቆርጠው ነግሬአታለሁ።